የእትዬ የዓለምዘርፍ ቤት ሲቀባ

በዛብህ የደወለልኝ ሰኞ ጠዋት ነው። በዚያን ጊዜ ሚዛን አዲሱ ሰፈር ውስጥ፣ ኸይሩ የሚባል ቡና ነጋዴ ያሠራውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት የውጭ ግድግዳ ቀብቼ እየጨረስኩ ነበር። መሰላል ላይ እንደቆምኩ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ አነሳሁት።

«ወለላ ነሽ? በዛብህ ነኝ፣ የእትዬ የዓለምዘርፍ የወንድም ልጅ። ቤቷን እንድትቀቢልኝ ነበር። ሁሉንም ክፍል፣ በአሥር ቀን።»

«እሳቸው ጂማ አይደሉም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው በአሥር ቀን ያልኩሽ» አለኝ።

እትዬ የዓለምዘርፍን ሚዛን ውስጥ የማያውቅ ጥቂት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምረዋል። እናቴ እበራቸው ላይ ጎደሬ ትሸጥ በነበረበት ጊዜ እኔ ከቤንችኛ ሌላ ቋንቋ አላውቅም ነበር። «ይቺ ልጅ ለምን ትምህርት ቤት አትገባም?» ብለው እጄን ይዘው የወሰዱኝ፣ ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ የወለዱት ልጅ የላቸውም። በዛብህንና እኅቱን ሳባን ግን እንደ እናት ሆነው አሳድገዋል። ሳባ ጂማ አግብታ ትኖራለች። በዛብህ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አዲስ አበባ ከሄደ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስቴ ቢመጣ ነው። አሁን እትዬ ዓይናቸውን ለመታከም ሳባ ዘንድ ከሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ድንገት መጥቶ ቤቱን ከፍቶ ገባ። ለምን እንደመጣ፣ ሥራውን ምን እንዳደረገው ለማንም አልተናገረም።

ኸይሩ ከታች ሆኖ ንግግሬን ሰምቶ ኖሯል። «የመምህርቷ ቤት ነው? ያ ቦታ እኮ ዋና መንገድ ዳር ነው። የሚሸጥ ከሆነ መጀመሪያ ለኔ ነው የምትነግሪኝ» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ሐሳቡ ግን ያኔ ገባብኝ፤ ከገባ በኋላም አልወጣ አለ።

ቤቱ ከሚዛን አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ፣ ከፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ። እንዲህ ዓይነቱን ቤት መቀባት እወዳለሁ። የአዲሶቹ ቤቶች ግድግዳ ልሙጥ ነው፤ ስቱኮ ይጠጣል፣ ሮለሩን ታሳልፊበታለሽ፣ አለቀ። አሮጌ ቤት ግን ሲፋቅ ዕድሜውን ይነግርሻል። ማክሰኞ የሳሎኑን አንድ ጥግ ስፍቅ ከቢጫው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ኖራ ወጣ። የእትዬ መኝታ ቤት ጽጌረዳ ቀለም ነበር፤ መተላለፊያው እስከ ወገብ ድረስ በአረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው። እያንዳንዱን ራሳቸው ነበሩ የመረጡት።

በዛብህ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲያናግሩት ሌላ ቦታ የሚመለከት ሰው ሆኗል። ክፍሎቹን አስጎበኘኝና «ሁሉም ነጭ ይሁን» አለኝ።

«መኝታ ቤታቸውም?»

«ሁሉም። የበሩና የመስኮቱ መቃን ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ዘይት ቀለም።»

«እትዬ ነጭ አይወዱም። ሆስፒታል ይመስላል ነው የሚሉት።»

«ነጭ ነው የምፈልገው፣ ወለላ።» ወደ መስኮቱ እያየ «እሷ ብትደውል ግን እንዳትነግሪያት። ለጎረቤትም አትናገሪ» ብሎ ጨመረ።

በሥራዬ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ቤት በችኮላ ከዳር እስከ ዳር ነጭ የሚቀባው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ገዢ ሲገባ ቤቱ ሰፊና ንጹሕ እንዲመስለው ሲፈለግ ነው። የባለቤቱ ምርጫ ሲጠፋ ቤቱ የማንም ይሆናል።

ቤቱን ቀድሞ ባዶ አድርጎት ነበር። ምንጣፎቹ ተጠቅልለው መጋዘን ገብተዋል። በርጩማዎቹ፣ ትንንሾቹ ጠረጴዛዎች፣ የመስታወት ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም ከቦታው ተነሥቷል። የቀሩት ሶፋው፣ አልጋውና የመኝታ ቤቱ ትልቅ ቁም ሳጥን ብቻ ናቸው። የእትዬ ፎቶግራፎች ሳይቀሩ ከግድግዳ ወርደው ካርቶን ውስጥ ተደርድረዋል። ሴትየዋ ገና በሕይወት እያሉ ዕቃቸው እንደ ሟች ዕቃ ተሰብስቧል።

ሐሙስ ዕለት አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። ሞተር ብስክሌቱን ከግቢው ውጪ አቁሞ በሜትር በረንዳውን መለካት ጀመረ። ከዚያ ከጓሮ በር እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ ለካ፤ ሜትሩን ከወገቡ እኩል አድርጎም ከመሬት ወደ ላይ ለካ። በዛብህ አጠገቡ ሆኖ ይጽፋል። ስቱኮ ለማቡካት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሁለቱም ዝም አሉ። ባልዲዬን ሞልቼ በሩን አልፌ ግድግዳው ጀርባ ቆምኩ። መስረቅ አይደለም፣ ጆሮዬን ነው የሰጠሁት።

«እሷ ሳትመጣ ማለቅ አለበት» ይላል በዛብህ። «ከመጣች በኋላ ቢሆን እሺ አትልም።»

«ከቴፒ ማክሰኞ እመለሳለሁ» አለ ሰውየው። «አታስብ፣ የሚዛን ሰው አይሰማም።»

ውሃ አብዝቼ ስቱኮውን አቀጠንኩት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ማቡካት ግድ ሆነብኝ። ከቴፒ ለምን? ሚዛን ውስጥ የሚለካ ሰው ጠፍቶ ነው? የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው ነው እንጂ ከሩቅ ሰው የሚያመጣው።

በአጥሩ ወዲያ ሐፍሳ አለች። ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላ ቅመም ትነግዳለች፤ ከእትዬ ጋር ሃያ ዓመት የተጎራበቱ ናቸው። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ እጄን ስታጠብ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ምንድን ነው እዚያ ቤት የሚደረገው?»

«እኔም አላወቅኩም፣ ሐፍሳ።»

«በዛብህ ትላንት እኔ ጋ መጥቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እትዬ በጎረቤት ዘንድ ያስቀመጠችው ወረቀት አለ ወይ?› አለኝ። ወላሂ፣ ደነገጥኩ። ምን ወረቀት? አልኩት። ‹የሐኪም ወረቀት› አለኝ። የሐኪም ወረቀት ፈልጎ ነው? የቤት ካርታ ነው እንጂ!»

«የሐኪም ቢሆንስ?» አልኳት፤ ግን እኔም አላመንኩትም።

በዚያው ከሰዓት ቁም ሳጥኑን ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሳሸሽ ከላዩ አንድ የፕላስቲክ ማኅደር ወደቀና ወረቀቶች ተበተኑ። ስሰበስባቸው አንዱ ላይ «ውክልና» የሚል በትልቁ ተጽፎ አየሁ። ተወካይ በዛብህ። ወካይ እትዬ የዓለምዘርፍ። ከስማቸው ጎን ሐምራዊ የጣት አሻራ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የእትዬን ፊርማ አውቀዋለሁ፤ በሰርተፊኬቶቼ ላይ አለ፤ የመጀመሪያዋ ፊደል እንደ አበባ የምትጠማዘዝ ናት። የግማሹን ከተማ እጅ ይዘው ያጻፉ ሴት እንዴት በጣት ይፈርማሉ? ሳያውቁ፣ ተኝተው፣ ወይም በሌላ ሰው ጣት ካልሆነ በቀር። ወረቀቱን መልሼ ከላይ አስቀመጥኩትና እስከ ማታ ከበዛብህ ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ዋልኩ። እሱም አልተናገረኝ። ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ እየተጠባበቀ ሲውል፣ ቀለሙ ራሱ ቶሎ አይደርቅም።

ቅዳሜ አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ዘይት ቀለም ይዞ መጣ። የበረንዳውን ደረጃ ጫፍ ጫፍ፣ የደጃፎቹንም ጠርዝ በቢጫ እንድቀባ፣ በመብራት ማብሪያዎቹም ዙሪያ ጥቁር ሰማያዊ ክፈፍ እንዳደርግ አዘዘኝ።

«እንደ አስፋልት ጠርዝ ሊሆን ነው እኮ» አልኩት።

«ይሁን።»

ለሽያጭ የሚቀባ ቤት እንዲህ አይዥጎረጎርም። ግን ጥርጣሬዬን አልተውኩም፤ መንገዱን ብቻ ቀየርኩለት። አይሸጠውም ማለት ነው፣ ለመሥሪያ ቤት ሊያከራየው ነው አልኩ። ምልክት፣ ክፈፍ፣ ቢጫ ደረጃ፣ ይኸው ቢሮ! እትዬንም ሳባ ጂማ አስቀርታ ልትጦራቸው ነው። ቤታቸው መግባት ቀርቶ ሳያውቁት ነገሩ ያልቃል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሐፍሳ ዘንድ ገባሁና «የእትዬን ስልክ ስጪኝ» አልኳት። እሷ ራሷ ደውላ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ ወለላ ነኝ።»

«ወለልዬ!» ድምፃቸው እንደ ድሮው ሙሉ ነበር። «እንዴት ነሽ ልጄ? እኔ ደህና ነኝ። እብጠቱ ሲቀንስ መነጽር ይታዘዝልሻል ብላኛለች ሳባ። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣዬን ራሴ አነባለሁ።»

ያን ጊዜ ስልኩን ብዘጋ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። አልዘጋሁም። ነገርኳቸው። በዛብህ መምጣቱን፣ ቤቱ መቀባቱን፣ ዕቃው መነሣቱን፣ ከቴፒ የመጣውን ሰው፣ ውክልናውንም። ሐፍሳ ከጎኔ ሆና «የወረቀቱን ንገሪያቸው፣ የወረቀቱን» እያለች ትገፋኛለች።

እትዬ አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንደሚጮኹ ጠብቄ ነበር። ይልቅ ልክ እንደ ክፍል ጥያቄ አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ግድግዳው ምን ቀለም ሆነ?»

«ነጭ። ሁሉም።»

«በሮቹስ?»

«መቃናቸው ጥቁር ሰማያዊ ነው። የመብራት ማብሪያው ዙሪያ ሳይቀር።»

«ምንጣፉ የለም አልሽኝ። በርጩማዎቹም።»

«የሉም። ከሶፋውና ከአልጋው በቀር መተላለፊያው ላይ አንድም ዕቃ የለም።»

«ደረጃውን አልነካችሁትም?»

«ጫፍ ጫፉን ቢጫ ቀብቼዋለሁ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«ሰውየው የለካው ምኑን ነበር?»

«በረንዳውን። ከዚያ ከጓሮ በር እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ። ከወገቡ እኩል አድርጎም ለካ።»

«ለእጀታ ነዋ» አሉ በቀስታ። «እየያዝኩ እንድሄድ።»

አልገባኝም። ሐፍሳን አየኋት፤ እሷም አልገባትም።

«ወለላ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ዓይኑ የደከመ አንድ ልጅ ነበረኝ። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ግድግዳውን ነጭ፣ በሩን ጥቁር አስቀባሁለት። የደረጃውን ጫፍ በየሳምንቱ ራሴ በኖራ አሰምርለት ነበር፣ እንዳይወድቅ። ዕቃ መንገዱ ላይ እንዳይቀመጥ ተማሪውን ሁሉ እቆጣ ነበር።» ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፦ «ሐኪሞቹ ለነሳባ አይድንም ብለዋቸዋል ማለት ነው። መነጽር የሚባል ነገር የለም።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«ውክልናውን እኔ ነኝ የፈረምኩት። መስመሩ አልታይ ሲለኝ በጣት አልኳቸው። በቃ፣ ደህና ዋይ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሐፍሳ የሻርፗን ጫፍ በአፏ ላይ ያዘች። እኔ እጆቼን አየሁ። በጥፍሮቼ ሥር ቢጫ ቀለም ነበር፤ በቀለም ማስለቀቂያው በአኳራጃ ሳላጸዳው ነበር ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዬን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ በረንዳው ላይ ጠበቅኩት። በዛብህ ከውስጥ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ቢጫውን ጫፍ ሳይረግጥ።

«እትዬ እውነቱን ስትጠይቃት ሳባ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች» አለኝ። «ነርቩ ሞቷል ብለውናል። በአንደኛው ዓይኗ ብርሃን ብቻ ነው የቀራት፣ እሱም እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ሐሙስ ላመጣት ነበር። ቤቷ ገብታ፣ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ይዤ እኔ ልነግራት ነበር። ለዚህ ነው ሥራዬን ለቅቄ የመጣሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ወጣ። «ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ለአንቺ ብነግር ለሐፍሳ ትነግሪያለሽ። ሐፍሳ ካወቀች ገበያው ያውቃል። አንዱ ደውሎ ‹እግዜር ያጽናሽ› ይላታል።» ወደ መንገዱ ተመለከተ። «በየደጁ ሳልፍ እንዴት እንደምታዩኝ አውቅ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ጠፍቼ ለቤት ብዬ የመጣሁ ነው የመሰልኳችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም እናንተን አላመንኩም።»

ይቅርታ ማለት ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ቢሆንም አልኩት። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲገባ «የመተላለፊያው ሁለተኛ እጅ ቀለም ይቀራል» ብቻ አለኝ።

ከረጢቱን ፈትቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማክሰኞ የቴፒው ሰው የብረት እጀታዎቹን አምጥቶ በየዳ፤ የዚያኑ በጥርጣሬ የተከታተልኩት ሰው ዕቃ ራሴ ተሸክሜ አስገባሁለት። እጀታዎቹን ጥቁር ሰማያዊ ቀባኋቸው።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ከሳባ ጋር መጡ። በሩ ላይ በዛብህ እጁን ሲዘረጋላቸው ገፉት። «የራሴን ግቢ አውቀዋለሁ» አሉ። ቢጫው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ጎንበስ አሉ፣ እግራቸውን አነሱ፣ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳባ ፊቷን አዞረች።

ሳሎን ተቀመጡና ሁላችንንም እንደ ተማሪ አስቆሙን። እኔን፣ በዛብህን፣ ሳባን፣ ልትጠይቃቸው የመጣችውን ሐፍሳንም።

«ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ አእምሮዬ አይደለም» አሉ። «ሐኪሙ የነገራችሁን እኔ ከቀለም ነው የሰማሁት። ቀለም ቀቢዋ ሳታውቅ ነገረችኝ። አንተ እያወቅህ ዝም አልህ። የቱ እንደሚብስ እስካሁን አልቆረጥኩም።»

በዛብህ ራሱን ደፋ። እትዬ ውክልናውን አምጣ አሉት። ቃል በቃል አነበበላቸው፤ ጡረታቸውን እንዲቀበል፣ በሕክምናቸው ጉዳይ እንዲፈርም ብቻ የሚል ነው። ስለ ቤት አንድ ቃል የለበትም። ጨርሶ ሲያጥፈው እትዬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ወለላ፣ ያነበበው የተጻፈውን ነው?»

በዛብህ ወረቀቱን አቀበለኝ፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር መናገር አልፈልግም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«አዎ፣ እትዬ። የተጻፈውን ነው።»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምኖረው» አሉ። «ያነበበልኝን ሰው ሌላ ሰው እየጠየቅኩ። ትቀየሙኝ ይሆናል፤ ልመዱት።»

ሳባ አልቅሳ አቀፈቻቸው። በዛብህ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። ከሁለት ሳምንት በላይ እትዬ ከምግብና ከመድኃኒት ውጪ አላነጋገሩትም ሲባል ሰማሁ። እኔን ደግሞ እሱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። አዲስ አበባ አልተመለሰም፤ የጓሮውን ክፍል ለራሱ አድርጎ እዚያው ተቀምጧል። ኸይሩ አንድ ቀን ስለ ቦታው ደግሞ ሲያነሳብኝ ሁለተኛ ቤቱን እንደማልቀባለት ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲያ አላነሳብኝም።

በዚያ ሐሙስ ግን ሁሉም ከወጣ በኋላ እትዬ ተነሥተው በግድግዳው ጥግ መሄድ ጀመሩ። እኔ ባልዲዬንና ብሩሾቼን እየሰበሰብኩ ነበር። መዳፋቸውን በነጩ ላይ አድርገው ከሳሎን ወደ መተላለፊያው፣ ከመተላለፊያው ወደ መኝታ ቤቱ በር ዘለቁ። መቃኑ ጋ ሲደርሱ ሳይነኩት ቆሙ፤ ጥላው ታይቷቸዋል። ከመቃኑ አጠገብ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው አመላለሱ።

«እዚህ ጋ ስቱኮውን አላለሰለስሽውም።»

ሄጄ ነካሁት። እውነትም ጎርበጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ በብርሃን ሳየው አልታየኝም ነበር።

«ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ።»

«ለምን ነገ? አሁን ነው እንጂ።»

ከከረጢቱ የብርጭቆ ወረቀት አወጣሁና ማሸት ጀመርኩ። ወንበር አስቀርበውኝ አጠገቤ ተቀመጡ። አቧራው ጉልበታቸው ላይ እየወረደ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ቀጥ ባልኩ ቁጥር እጃቸውን ሰድደው ይዳስሱትና «ገና ነው» ይሉኛል።